የአውቶማቲክ መኪና ካምቢዮ ለምን ይቃጠላል? ስለ ውጭ ፊልትሮና ስለ ሙቀት ጌጅ



ከጥቂት ሳምንታት በፊት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ መምህራችን «ሰበቃ ሙቀት እንደሚፈጥር ከራሳችሁ ኑሮ ምሳሌ ስጡ» ቢሉን፣ ከፊሉ ሁለት መዳፉን አፋተገ፣ ከፊሉ ስለ ወፍጮ ድንጋይ ተናገረ፣ እኔ ደግሞ «የአጎቴ መኪና ካምቢዮ» ብዬ ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «በል እንግዲያው ጻፈውና ግድግዳው ላይ ለጥፈው» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ሜካኒክ አይደለሁም፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ እንደ እናንተው ዕጩ መምህር ነኝ። ነገር ግን የእጅ ባትሪ ይዤ ከመኪና ሥር ተጋድሜ ያየሁትንና ኋላም ያነበብኩትን እንደሚከተለው ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩ የጀመረው በ2014 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ ፋሲካ ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የነዱት ማኑዋል መኪና ነበር፤ ፍሪሲዮን መርገጥ ለእሳቸው እንደ መተንፈስ ነው። በዚያ ዓመት ግን ጉልበታቸውን ያማቸው ስለ ጀመረ ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ገዝተው ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በኮንትራት ሰው ማመላለስ ይዘው ነበር። የዚያን ዕለት አራት ተሳፋሪ፣ ሁለት ኬሻ ሽንኩርትና ከኋላ አንድ በግ ጭነው የዓባይን በረሃ ወረዱ፤ ድልድዩን ተሻግረው ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ተያያዙት። ከዳገቱ አጋማሽ አለፍ እንዳሉ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። የሞተሩ የሙቀት መለኪያ ልክ መካከል ላይ ነበር፤ አንዳች ችግር አላሳየም። አጎቴም «ሞተሩ ደኅና ነው፣ ትንሽ ይተንፍስ» ብለው ቆም አሉና ደግመው ሞከሩ። በሦስተኛው ሙከራ መኪናው ከነአካቴው እንቢ አለ። ደጀን የገቡት በጭነት መኪና ተጎትተው ነው። (አውቶማቲክን ጎማው መሬት ላይ እየዞረ መጎተት ራሱ ካምቢዮ ይጎዳል፤ ያን ጊዜ ግን ይህን ማን አወቀ!)

ካምቢዮው ተቃጥሎ ነበር። ሌላ ያገለገለ ካምቢዮ ተፈልጎ ተገዛ። የተገዛበት ገንዘብ ለአጎቴ ልጅ የኮሌጅ ክፍያ የተቀመጠው ነበረ፤ እርሷም አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ዋለች። እኛ ቤት «ካምቢዮ» የሚለው ቃል ከዚያ ወዲህ በለሆሳስ ነው የሚነገረው።

ታዲያ ምን ሆነ? ይህን ለመረዳት አውቶማቲክ ካምቢዮ ከማኑዋሉ በምን እንደሚለይ ማወቅ ያስፈልጋል። በማኑዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ፍሪሲዮን ነው፤ ሲረገጥ ይለያያሉ፣ ሲለቀቅ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። በአውቶማቲክ መኪና ግን በሁለቱ መካከል ያለው ዘይት ነው። ቶርክ ኮንቨርተር በሚባለው ክብ ዕቃ ውስጥ ሁለት ባለ ክንፍ መዘውሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዱን ሞተሩ ያዞረዋል፤ እሱም ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት ሁለተኛውን እየገፋ ያዞረዋል። በመካከላቸው ያለው ሦስተኛ ትንሽ መዘውር ተመላሹን ዘይት አቅጣጫ እያስያዘ ጉልበቱን ያበዛዋል። ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አቁማችሁ አንዱን ብቻ ብታበሩ ሌላው ሳይሰካ ሲዞር ታያላችሁ፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ በነፋስ ፈንታ ዘይት መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ኤሌክትሪክ የሌለበት ትምህርት ቤት የሚደርሳችሁ ደግሞ በሳፋ ውሃ ሞልታችሁ፣ ቅጠል ጥላችሁበት፣ በጭልፋ እያዞራችሁ ብታሳዩ ተማሪው ይገባዋል። ጭልፋው ቅጠሉን ሳይነካው ያዞረዋል።

ይህ ሐሳብ መጀመሪያ የተፈለሰፈው ለመኪና አልነበረም። ሄርማን ፎቲንገር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ለመርከብ ሞተር ብሎ ነው። በብዛት የተመረተው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ የመኪና ካምቢዮ የአሜሪካው ጀኔራል ሞተርስ «ሃይድራ-ማቲክ» ሲሆን፣ የወጣውም ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ነበር። በቶርክ ኮንቨርተር የሚሠራው የቢዩክ «ዳይናፍሎው» ደግሞ በ1948 እ.ኤ.አ. ተከተለ።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ተገፊው መዘውር ገፊውን ሙሉ በሙሉ አይደርስበትም፤ ሁልጊዜ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። በሁለቱ ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት የትም አይጠፋም፤ ዘይቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሜዳ ላይ በደኅና ፍጥነት ሲነዳ በአብዛኞቹ የዘመኑ መኪናዎች ውስጥ ያለው መቆለፊያ ሁለቱን መዘውሮች አንድ ላይ ያስራቸዋል፤ ልዩነቱም ሙቀቱም ይቀንሳል። ዳገት ላይ፣ ጭነት ሲበዛና መኪናው ሲያዘግም ግን መቆለፊያው ይለቃል፤ ያን ጊዜ ዘይቱ እንደ ወጥ ይማሰላል።

እስቲ በቁጥር እንየው፤ ሒሳቡ የስምንተኛ ክፍል ተማሪም ይችለዋል። መኪናው ከነተሳፋሪው፣ ከነሽንኩርቱና ከነበጉ 1,700 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። ከዓባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ለማቃለል 1,000 ሜትር እንውሰድ። የመሬት ስበትን 10 ብለን ብናባዛ 1,700 × 10 × 1,000 = 17 ሚሊዮን ጁል ይመጣል። ከዚህ ውስጥ አንድ ዐሥረኛው ብቻ ቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 1.7 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ሙቀት አምስት ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንሥቶ እስከ መፍላት ያደርሳል። ዘይት ደግሞ ከውሃ ይልቅ ቶሎ ይሞቃል፤ አንድ ኪሎ ዘይትን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚበቃው 2,000 ጁል ያህል ነው፣ ማለትም ከውሃ ግማሽ ገደማ። ካምቢዮው ስድስት ኪሎ ያህል ዘይት ቢይዝና ምንም የሚያቀዘቅዘው ነገር ባይኖር፣ ያ ዳገት ብቻውን ዘይቱን 140 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ከ80 ዲግሪ ቢነሣ 220 ደረሰ ማለት ነው! በእውነቱ ማቀዝቀዣ ስላለው እዚያ አይደርስም፤ ግን ማቀዝቀዣው ደካማ ወይም የተደፈነ ሲሆን ወዴት እንደሚያመራ ቁጥሩ ይናገራል።

የዚህ ዘይት ሥራ ብዙ ነው። ጉልበት ያስተላልፋል፣ በግፊቱ የካምቢዮውን ውስጣዊ ዲስኮች እየጨመቀ ማርሽ ያስገባል፣ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ያለሰልሳል፣ ሙቀት ተሸክሞ ያወጣል። ስለሆነም ዘይቱ ሲበላሽ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበላሻል። በጤናው ዘይቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሠራል። ሜካኒኮች ለረጅም ጊዜ የሚጠቀሙበት አንድ ግምት አለ፤ ይኸውም ከ80 ዲግሪ በላይ በየ11 ዲግሪው ጭማሪ የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። በዚሁ ግምት መሠረት 115 አካባቢ ዘይቱ በብረቱ ላይ እንደ ቫርኒሽ ያለ ሽፋን መተው ይጀምራል፤ ከ125 በላይ የጎማ ማሸጊያዎቹ እየደረቁ ይሄዳሉ፤ 145 ላይ ዲስኮቹ መንሸራተት ይይዛሉ፤ ከ155 በላይ ማቃጠል ነው። ዛሬ የሚመረቱት ሰው ሠራሽ ዘይቶች ከዚህ የተሻለ ይችላሉ። ቢሆንም ያገለገለ መኪና ገዝቶ ውስጡ ያለው ዘይት የየትኛው ዘመን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የአጎቴም መኪና ዘይት ሲፈስ ቀዩ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮ ነበር።

አሁን ወደ ፊልትሮው ልምጣ። ሁለተኛው ካምቢዮ በሰኔ 2014 ተገጠመ። የገጠመው ጋራዥ ስሙ ይቅርና፣ ሥራውን ጨርሶ «መልካም መንገድ» ብሎ ሸኘ። በሁለት ወሩ መኪናው ማርሽ ሲቀይር መንጠር ጀመረ። አጎቴ በዚህ ጊዜ ወደ ሌላ ሜካኒክ ሄዱ፤ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነው። ዘይቱን በጣቱ አሽቶ አሸተተና «ጋሼ፣ ካምቢዮውን ሲቀይሩት ማቀዝቀዣውን አጥበውታል?» ብሎ ጠየቀ። አጎቴ ምን ይመልሱ? ማቀዝቀዣ መኖሩንም አያውቁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ መኪናዎች የካምቢዮው ዘይት በቀጭን የብረት ቱቦ ወጥቶ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ በራዲያተሩ አንድ ጎን ውስጥ ባለች ጠባብ ማቀዝቀዣ አልፎ በሌላ ቱቦ ይመለሳል። የመጀመሪያው ካምቢዮ ሲቃጠል የተላጠው የዲስክ ልባስና የብረት ብናኝ ከዘይቱ ጋር ሄዶ እዚያች ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል። አዲሱ ካምቢዮ ሲገጠም ዘይቱ ያንን ሁሉ እያጠበ ወደ አዲሱ ይመልሰዋል። የሞተውን ሰው ጫማ ለልጁ እንደ ማልበስ ያለ ነገር ነው።

«ካምቢዮው ውስጥ ማጣሪያ የለውም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አለው። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ከዘይቱ ገንዳ ውስጥ ያለ ወንፊት ቢጤ ነው። ሻካራውን ይይዛል፣ ደቃቁን ያሳልፋል። ሥራው ፓምፑ የሚስበውን ዘይት ማጣራት ስለሆነ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ሊሆን አይችልም፤ ቢሆን ፓምፑ ዘይት ይጠማዋል። ገንዳው ውስጥ ማግኔትም ይኖራል፤ ማግኔት ግን ብረት እንጂ የዲስክ ልባስ አይስብም። በተመላሹ ቱቦ ላይ የሚገጠም የውጭ ፊልትሮ ግን ዘይቱ በግፊት የሚያልፍበት ስለሆነ ይበልጥ ደቃቅ የሆነውን መያዝ ይችላል። ደግሞም ገንዳ ሳይወርድ፣ ጓርኒሲዮን ሳይቀደድ፣ እንደ ሞተር ዘይት ፊልትሮ በቀላሉ ይቀየራል። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ይኸኛው ነው፤ ለመቀየር የሚያስቸግር ነገር አይቀየርማ።

አገጣጠሙ ላይ ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ ሜካኒኩ ማቀዝቀዣውን በደንብ አጠበው። ቀጥሎ የትኛው ቱቦ ወጪ፣ የትኛው ተመላሽ እንደሆነ ለየ። ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ወጪው ይበልጥ ይሞቃል፤ እርግጠኛ ለመሆን ግን አንዱን ፈትቶ ጫፎቹን በጆግ ውስጥ አድርጎ ሞተሩን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ማስነሣት ነው። ዘይቱ ከካምቢዮው በኩል ከወጣ ወጪው እሱ ነው። ከዚያ በላይ ማቆየት ፓምፑን ያደርቀዋል። ፊልትሮው የተገጠመው ተመላሹ ላይ፣ ማለትም ከማቀዝቀዣው በኋላና ከካምቢዮው በፊት ነው፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረ ብናኝ ቢኖር እንኳ እዚያ ይያዛል። ፊልትሮው ላይ ቀስት ካለ ቀስቱ ወደ ካምቢዮው መመልከት አለበት።

ወጣቱ አጥብቆ የተናገረው ሌላው ነገር ስለ ማምለጫ ቫልቭ ነው። ፊልትሮው በቆሻሻ ሲደፈን ዘይቱ በጎን የሚያልፍበት ቫልቭ ከሌለው ፍሰቱ ይቆማል። በብዙ ካምቢዮዎች ደግሞ ተመላሹ ዘይት በቀጥታ ጥርሶቹን ለማለስለስ ስለሚሄድ፣ ለጥበቃ የተገጠመው ዕቃ ገዳይ ይሆናል። ስለዚህ ቫልቭ የሌለው ፊልትሮ ከመግጠም ምንም አለመግጠም ይሻላል። ቱቦውም እንዲሁ ነው። አጎቴ ገንዘብ ለመቆጠብ ከቤት የራዲያተር ውሃ ጎማ ቆርጠው አምጥተው ነበር፤ ወጣቱ አልቀበልም አለ። የውሃ ጎማ ትኩስ ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ለካምቢዮ ዘይት ተብሎ የተሠራ ቱቦ ተገዛ፤ በፋሼታ ታሰረ፤ ከጭስ ማውጫውና ከቬንትሌተሩ ርቆ አለፈ። መጨረሻ ላይ ፊልትሮው የሚይዘው ዘይት ተጨምሮ ልኩ ታየ። ይህም የሚታየው መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ በሁሉም ቦታ አልፎ «ፒ» ላይ ከተመለሰ በኋላ፣ ዘይቱ ሲሞቅ ነው። ዘይቱም ዓይነት አለው፤ ለምሳሌ ቶዮታ «ታይፕ ቲ-ፎር» ለሚሉት የተሠሩ ካምቢዮዎች አሉት፣ «ደብሊው ኤስ» ለሚሉትም አሉት። መመሪያው ያዘዘውን ነው እንጂ ቀይ የሆነ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም።

ጌጁ ላይ ግን እኛው ራሳችን ተሳስተናል። ሽቦውን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር በፊውዝ በኩል አምጥቼ፣ ሴንሰሩን ደግሞ ለሥራ ይቀላል ብለን ፊልትሮው አጠገብ፣ ተመላሹ ላይ ገጠምነው። ጌጁ መጀመሪያ ፍንክች አላለም። ለካ የሴንሰሩን ጥርስ ዘይት እንዳያፈስ ብዬ በቴፍሎን ጠቅልዬው ነበር፤ ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር መሬቱን የሚያገኘው በራሱ ጥርስ በኩል ስለሆነ ቴፍሎኑ ዘጋበት። ቴፍሎኑን ስናወጣው ሠራ። ከዚያ በኋላ ዳገት ሆነ ሜዳ 65፣ 70 ብቻ ማሳየት ጀመረ። አጎቴ ደስ አላቸው፤ «አየህ አንተ ልጅ፣ ፊልትሮው አቀዘቀዘው!» አሉኝ። ፊልትሮ ግን አያቀዘቅዝም። ጌጁም የሚለካው ከማቀዝቀዣ የወጣውን ዘይት ነበር፤ በሽተኛን ሙቀት ሻወር ከወሰደ በኋላ እንደ መለካት ማለት ነው። ለጋራዡ የነገርነው ጊዜ ወጣቱ ሣቀና ሴንሰሩን ገንዳው ላይ በተበየደ ማስገቢያ አዛወረው። ወጪው ቱቦ ላይም ይቻላል፤ እዚያ ከቶርክ ኮንቨርተር የወጣው በጣም ትኩሱ ዘይት ስለሚያልፍ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቶሎ ቶሎ ይዘላል። ገንዳው ግን ካምቢዮው በአጠቃላይ ያለበትን ሁኔታ ያሳያል።

በጥር 2015 ከአጎቴ ጋር በዚያው መንገድ ሄድኩ። ደብተር ይዤ ስጽፍ ነበር። ጎሐ ጽዮን ላይ 82፤ ድልድዩ ላይ 78፤ የደጀን ዳገት አጋማሽ 104፤ ወደ ላይ ስንቃረብ 113። በዚህ ጊዜ የሞተሩ መለኪያ እንደ ድሮው መካከል ላይ ተኮፍሷል! ያንን መለኪያ ብቻ ብናምን ኖሮ ዝም ብለን እንነዳ ነበር። አጎቴ ግን ዳር ያዙ። ሞተሩን አላጠፉም፤ ማርሹን «ፒ» ላይ አድርገው ነዳጁን ትንሽ ከፍ አደረጉት፤ ፓምፑ ዘይቱን በማቀዝቀዣው ውስጥ እንዲያዞረው ነው። ሞተር ቢጠፋ ዘይቱ ባለበት ይቆማል፣ ትኩሱም እዚያው ይቀራል። በዐሥር ደቂቃ ውስጥ 94 ደረሰ። ከዚያ ማርሹን ራሳቸው ወደ ዝቅተኛው አወረዱት፤ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን ሳያዘግምና ቶርክ ኮንቨርተሩን ሳያማስል ወጣ፤ ከ106 አላለፈም። ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ ነበር የወረድነው። ነዳጅ ይቆጥባል እያሉ ዓባይን በ«ኤን» የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ፤ እነሱ የሚጫወቱት በካምቢዮ ብቻ ሳይሆን በፍሬንና በተሳፋሪ ነፍስ ነው።

ጌጁ ያንን ካሳየን በኋላ በየካቲት ወር ከራዲያተሩ ፊት ለፊት በአየር የሚቀዘቅዝ ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ተገጠመ። በሚቀጥለው ጉዞ ከፍተኛው ቁጥር 97 ሆነ። እውነቱን ለመናገር ሙቀቱን የቀነሰው ይህ ማቀዝቀዣ ነው፤ ፊልትሮው የሚያጸዳ፣ ጌጁም የሚናገር እንጂ የሚያቀዘቅዙ አይደሉም። ግን ጌጁ ባይኖር ማቀዝቀዣ እንደሚያስፈልገን በምን እናውቅ ነበር?

ይህ ማለት አውቶማቲክ ያለው ሁሉ ሄዶ ይግጠም ማለት አይደለም። ከተማ ውስጥ ብቻ የምትነዳ፣ ዘይቷ በጊዜው የሚቀየር መኪና ላትፈልገው ትችላለች። ሲቪቲ የሚባለው በሰንሰለት ወይም በቀበቶ የሚሠራው ዓይነት የራሱ ሕግ አለው፤ የፊልትሮውንም የዘይቱንም ነገር ከመመሪያው ማየት ነው። ከተቋማችን መምህራን መካከል አውቶማቲክ የሚነዱ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ጠብ አድርገው ቀለሙን ይዩ። ቀይ ከሆነ ደኅና ነው። ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ ወይም እንደ እንጆሪ ወተት ከሆነ ለነገ አያቆዩት፤ ሁለተኛው ማለት የራዲያተሩ ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው።

የአጎቴ ልጅ በ2016 ወደ ኮሌጅ ተመልሳለች። የጉዞውን ቁጥሮች በግራፍ አድርጌ ከዚህ ወረቀት በስተቀኝ ለጥፌዋለሁ። ከ2,000 ኪሎ ሜትር በኋላ የወጣውን የመጀመሪያውን ፊልትሮም በመጋዝ ቆርጬ ከፍቼ የሳይንስ ላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ በወረቀቱ እጥፋት ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ዱቄትና ጥቁር የዲስክ ብናኝ ይታያል። ለማየት የምትመጡ ማግኔት ይዛችሁ ኑ፤ የላቦራቶሪው ጠፍቷል።